ፎሎወር ከ5,000 ሲያልፍ

ለዝግጅት ክፍሉ፤ ስለ ኦንላይን ሚዲያ ህግ ባወጣችሁት ፅሁፍ አንድ የተዘለለ ነገር አለ። የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃ ስርጭት መከላከያው አዋጅ 1185/2012 ሀሰተኛ መረጃ ያሰራጨን እስከ 1 አመት እስር ወይ እስከ 50 ሺ ብር ነው የሚቀጣው፣ ግን አካውንቱ ከ5,000 በላይ ፎሎወር ካለው እስከ 3 አመት ወይ እስከ 100 ሺ ብር ይደርሳል። እና እዚህ ደሴ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ "የኮምቦልቻ መንገድ ተዘጋ" ብሎ ሳያጣራ የሚለጥፍ ልጅ እራሱን እንደ ሚዲያ መች ይቆጥራል፣ ህጉ ግን በቅጣቱ ከቲቪ ጣቢያ እኩል አርጎታል (እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፣ ወሬው በደቂቃ ሀይቅ ከተማ ይደርሳላ)።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፣ የህጉ ትርጉም በሰው ዘንድ አለመታወቁ። ህጉ ውሸት የሆነን ሁሉ አይደለም የሚቀጣው፣ ሰውየው ውሸት መሆኑን ያወቀ ወይ ማወቅ የነበረበት፣ ወሬውም ሁከት ወይ ግጭት የማስነሳት እድሉ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ይሄን ስለማያውቁ ጠንቃቃዎቹ እውነቱንም ፈርተው ይተዋሉ፣ ደፋሮቹ ደግሞ "ሼር ነው ያረኩት" ብለው ያመለጡ ይመስላቸዋል።

የናንተ ጋዜጣ ትርጉሙንና ቅጣቱን በቀላል አማርኛ ግማሽ ገፅ ያውጣልን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ኮሙኒኬሽን ቢሮዎችም ያንኑ በፔጃቸው ይለጥፉት።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ