ለጤና ሚኒስቴር፦ ስለ ቁርጥማት ሕሙማን ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች፣

እናቴ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለባት። የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ነው መገጣጠሚያዋን የሚያጠቃው። ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ስለሚሏት ቡና መልቀም ከተወች ቆየች። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ሕመሙን ያበርድላታል፤ ግን ስኳሯን ከፍ አደረገው፣ አጥንቷንም አሳሳው። የተቆጣው ጣትና ጉልበት ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ መላ ሰውነቷን ያዳርሳላ!

ናኖ ቅንጣቶች ተስፋ የሚሰጡት እዚህ ላይ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። በናኖሜትር በሚለካ መጠን የሚሠሩ፣ ሊፖሶም የሚባሉ የስብ ከረጢቶች መድኃኒት ይዘው በደም ይጓዛሉ። በተቆጣ ቦታ የደም ሥር ግድግዳ ስለሚላላ እዚያ ሾልከው ይወጣሉ። ቁጣውን የሚያባብሱት ነጭ የደም ሴሎችም ይውጧቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚያርፈው ሕመሙ ያለበት ቦታ ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ በቁርጥማት ሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ሙከራ ነው፤ መከላከያው በስህተት የሚያጠቃውን ፕሮቲን በቅንጣት ውስጥ ከትቶ ሰውነትን ማላመድ። ይህም ግሉተን ከሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን ጋር በተያያዘው የሴሊያክ የአንጀት በሽታ ላይ በሰው ተሞክሯል።

ገና የተለመደ ሕክምና አልሆነም። ቅንጣቶቹ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ስለሚከማቹ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ለአገራችን ግን እንግዳ አይደሉም። በአሸዋ ዝንብ ለሚተላለፈው ካላዛር የሚሰጠው አምቢዞም የሚባል መድኃኒት ሊፖሶም ነው፤ የፋይዘር የኮቪድ ክትባትም በስብ ናኖ ቅንጣት የተጠቀለለ ነበር።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪም አለው። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኢሉ አባቦር ሕመምተኛ ይመጣበታል። እባካችሁ የቁርጥማት ሕሙማን መዝገብ እዚህ ይጀመር። መዝገብ ከሌለ በሙከራ ውስጥ ማን ያስገባናል? ለናኖ መድኃኒት የሚተጉ ወጣት ፋርማሲስቶችም በጀት ያግኙ።

እስከዚያው ሜቶትሬክሴት አይጥፋብን። ለዚህ ሕመም በሳምንት አንዴ የሚወሰድ፣ ዓለም የሚያውቀው የቆየ ኪኒን ነው። ባለፈው ክረምት ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረን «የለም» ተባልን። እናቴ ስታቋርጥ እጇ መልሶ አበጠ፤ ማበጠሪያ እንኳ መያዝ አቃታት። ኪኒኑ የጉበትና የደም ምርመራ ይፈልጋልና ምርመራውም እዚሁ፣ በአቅማችን ይገኝ።

መዝገቡን የሚይዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ በጽሑፍ አሳውቁን። እናቴንና የማውቃቸውን ሕሙማን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታማሚ ልጅ፣ ጅማ