የታሪክ ክበባችን፦ ወንዙ ጥሏት የሄደ ከተማ

ክበባችን ዘንድሮ በ11 ልጆች ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። የመጀመሪያው መንፈቅ ብዙም አይወራለትም። ከአያቶች ጨዋታ ቀዳን፤ ግማሹ ቅጂ በእኔ ዝርክርክነት ጠፋ። የዓመቱ ወሬ የመጋቢቱ ጉዞ ነው።

ከዳላስ አራት ሰዓት ያህል ነድተን ሉዊዚያና፣ ናከቲሽ ገባን። (በእንግሊዝኛ 12 ፊደል ነው፤ ግማሹ አይነበብም።) ፈረንሳዮች በ1714 የቆረቆሯት ናት፤ ኒው ኦርሊንስን በ4 ዓመት ትበልጣለች። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ። ልጆቹ ገና ከመኪና ሲወርዱ «ወንዙ የታለ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ረጭ ብሏል። ድሮ ሬድ ሪቨር በዚህ ያልፍ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አቅጣጫውን ቀይሮ ሄደ። የቀረው ኬን ሪቨር የሚሉት ቀጭን ሐይቅ ነው።

ምሳ ላይ ጉድ ሆንኩ። ከተማዋ የምትታወቅበትን ሚት ፓይ ለሁሉም አዘዝኩ። «ቲቸር፣ ሳምቡሳ!» ብለው ተንጫጩ። ቁርጥ ሳምቡሳ ነው። ግን ውስጡ የበሬና የአሳማ ሥጋ፣ ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ! ድንች ጥብስ በልተን ወጣን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሜልሮዝ የሚባል የጥንት እርሻ አለ። የአካባቢው ክሪዮሎች (የአፍሪካና የፈረንሳይ ቅይጥ ዘር ያላቸው ሰዎች) ብዙዎቹ ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከማሪ ቴሬዝ ኳንኳን ነው። በ1742 በባርነት ተወለደች። ሜቶየር የተባለ ፈረንሳዊ ገዝቶ በ1778 ነፃ አወጣት፤ 10 ልጆች ወለደችለት። ትንባሆ እያመረተች ከልጆቿ አንዳንዶቹን በገንዘቧ ነፃ አወጣች። «እናት ልጇን ትገዛለች?» አለችኝ ትንሿ ተማሪያችን። መልስ አጣሁ።

የባሰው ተከተለ። ማሪ ቴሬዝ ራሷም በኋላ ባሪያዎች ነበሯት። ይቺን ልዘላት አስቤ ነበር፤ አንዱ ቀድሞ አንብቧት መጣ። «ታዲያ ጥሩ ሰው ናት ወይስ መጥፎ?» ክርክሩ ዳላስ እስክንገባ አላለቀም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ተሟግተው አያውቁም።

እዚያው እርሻ ምግብ ታበስል የነበረችው ክሌመንቲን ሀንተር፣ ፊደል ሳትቆጥር፣ እንግዳ ሰዓሊ ትቶት በሄደ ቀለም መሳል ጀመረች። በ1955 ኮምፔንሳቶ ላይ የሳለቻቸው ሰርግ፣ ቀብርና ጥጥ ለቀማ እርሻው ውስጥ አፍሪካን ሀውስ በሚባል ቤት ፎቅ ላይ ተሰቅለዋል። ወንዝ ዳር የሚጠመቁትን ነጭ ለባሾች ሲያዩ «ነጠላ ለብሰዋል!» አሉ።

ስንመለስ አንድ አባት ትርፍራፊ ኮምፔንሳቶና የቤት ቀለም አመጡልን። ልጆቹ ከጠፉት ቅጂዎች ያስታወሱትን ሳሉ። አንዱ የአያቱን በቅሎ ሰማያዊ ቀባት። በቅሎዋ እስካሁን አልደረቀችም። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ግን ደርቋል፤ ጥበቃው ጋሼ አኩርፈውኛል።