ለልጄ፣ ስለ 12ቱ ፊቶች

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ጎንደር ሰሞኑን ብርዱ በርትቷል።

12ቱን የኮከብ ምልክቶች በሰው ፊት እየመሰልሽ የላክሽልኝን ሥዕሎች አየኋቸው፣ እስካሁን ያለቁትን አስራ አንዱንም። መጀመሪያ በስልክ፣ ከዚያ ፊት በስልክ አልታይ ሲለኝ ጎረቤት ሄጄ ላፕቶፕ ላይ በትልቁ። የመጀመሪያውን፣ በጉን ሐመልን፣ በጣም ወደድኩት። የሰፈራችሁ ወያላ ነው አይደል? ቀንድ አልሠራሽለትም። ግንባሩ ላይ ብርሃን ጣልሽበት፣ በቃ፣ ልጁ ሊፈተለክ የተነሣ ይመስላል።

የአክስትሽን ግን ላንሳ። ጥቅምት 20 ስለተወለደች በፈረንጆቹ አቅራብ ናት ብለሽ ትከሻዋ ላይ ጊንጥ አስቀመጥሽ፣ ፊቷንም በጎን ሳልሽው። ከፍቷታል። ምንም አላለችም፤ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ቡናዋን ሳትጨርስ ሄደች።

በጎን መሳሉን ከአልፎንስ ሙቻ «ዞዲያክ» ሥዕል ነው የተማርኩት ብለሽኛል። ፈልጌ አየሁት። ቼካዊው ሠዓሊ በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሆኖ ለቀን መቁጠሪያ የሠራው ነው። ሴትዮዋ ወደ ጎን ዞራለች፣ 12ቱ ምልክቶች ከራሷ ጀርባ እንደ አክሊል ዙሪያዋን ይዘዋል። ጌጡም ጸጉሯም እውነት ያምራል። ግን እኛ ዘንድ በጎን የተሳለ ፊት ሌላ ነገር ይናገራል። ትንሽ ሳለሽ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስወስድሽ ጣሪያውን ሞልተው የሚያዩሽን መላእክት ታስታውሻለሽ? ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው የሚያዩት። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ክፉ ሰው ነው። አክስትሽ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፣ ስታየው ነው ያደገችው። እኔ እንደሚመስለኝ ጊንጡን ትችለው ነበር፣ አንድ ዓይኗ ነው ያስቀየማት።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጀመረኝ ነገር ልምጣ። ፈረንጆቹ ኮከብ የሚያወጡት በልደት ቀን ነው። የኛው ልደት አይጠይቅም። የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ይያዛል፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፣ ይደመርና በ12 ይገደፋል። 1 ከቀረ ሐመል፣ 2 ከቀረ ሰውር፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ዓሣው ሑት። እኔ ኮከብ ዕጣ ፈንታ ይናገራል ብዬ አላምንም፤ አባቴም ቤቱ ውስጥ ወሬው እንዲነሣ አይወድም ነበር። ይህቺ የእናት ስም ነገር ግን ሁልጊዜ ታስገርመኛለች። ሰው ያለ እናቱ አይቆጠርም። አንቺ ደግሞ የምትስዪው ፊት ነው፣ ፊት ላይ ከእናት የመጣ ስንት ነገር አለ! አገጩ፣ የዓይኑ ሽፋን፣ ሲስቅ ስርጉድ የሚለው ጉንጭ። መጀመሪያ እሱን ፈልጊልኝ። ኮከቡ በኋላ ይደርሳል።

ኮከቡን ለማምጣት እንስሳ መለጠፍ የለብሽም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች 12ቱን በሰው አካል ላይ ያከፋፍሏቸው ነበር፤ ሐመል ራስ፣ ሰውር አንገት፣ ገውዝ ትከሻና ክንድ፣ አሰድ ልብ እያለ ይወርድና ሑት እግር ላይ ያልቃል። ሐመል ላይ ሳታውቂው ያደረግሽው ይህንኑ ነው። እንግዲያው የሰውርን አንገት አሳዪኝ፤ አሁን ለመታወቂያ ፎቶ የተነሣ ይመስላል። ገውዝም እጆቿ ይታዩ። እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ፣ ውሃ የሚባለው ደግሞ ለቀለም ይመቻል። አሰድ እሳት አይደል? ምድጃ ዳር እንደተቀመጠ ሰው ብርሃኑ ከታች ይምጣለት። እና እባክሽ ጥላውን በጥቁር አትሥሪው። የኛ ፊት ላይ ጥቁር ሲገባ ከሰል ይሆናል። ቡኒው ላይ ሰማያዊ ጠብ አድርጊበት፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ስለምን የኖርኩት ይህንን ነው።

ሑት ቀረኝ፣ ማንን ልሳል ብለሽ ነበር። አያትሽን ሳዪያት። አባቴ ሳይሰማ ጎረቤት ቆጥረውላት ሑት፣ ውሃ እንደወጣላት ሰምቻለሁ። አንድም ፎቶ የላትም፣ ታውቂያለሽ። ግን የእኔም የአክስትሽም ስም ሲቆጠር እሷ አለችበት፣ ፊታችንም ላይ አለች። ግንባሯን ከእኔ ውሰጂ። ዓይኗ የአክስትሽ ነው፣ ቁርጥ። አፏን አንቺ ራስሽ ይዘሽዋል፣ መስታወት አይተሽ ሳዪው። እግሯን እኔ እነግርሻለሁ፤ ቀጭን ነበር፣ ተረከዟ የተሰነጠቀ፣ ከምንጭ ስትመለስ እስከ ቁርጭምጭሚቷ እርጥብ።

ለጥምቀት ስትመጪ ሁለታችንም ጎን ለጎን እንቀመጥልሻለን። አክስትሽን ጠይቄያታለሁ፣ «ሁለቱም ዓይኔ ይሳል እንጂ እቀመጣለሁ» ብላለች። ሸራ ተሸክመሽ እንዳትመጪ፣ እዚህ አስወጥሬልሻለሁ።

እናትሽ