ካፖርቱን አይተሽ ንገሪኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ ለልጆቹ ከርሚትን፣ ያን አረንጓዴ የእንቁራሪት አሻንጉሊት፣ ልታሳዪያቸው እንደሆነ እህቴ ነገረችኝ። በስልክ የተነገረ መንገድ ጣቢያ ላይ ሲደርሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጽፌልሻለሁ፣ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢው።

ሰው መፔቶችን፣ እነ ከርሚትን የመሰሉትን የቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች፣ የኒው ዮርክ ልጆች ያደርጋቸዋል። ትውልዳቸው ግን እዚያው አንቺ ያለሽበት አካባቢ ነው። ፈጣሪያቸው ጂም ሄንሰን ሜሪላንድ ውስጥ ሃያትስቪል አካባቢ አደገ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በዋሽንግተኑ ደብሊው አር ሲ ቴሌቪዥን አምስት ደቂቃ የምትቆይ የአሻንጉሊት ዝግጅት ጀመረ። ዝግጅቷ እስከ 1961 ቆየች፣ ከርሚትም የተሠራው ለእሷ ነው። ስለዚህ የምታዩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ መሀል ከተማ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየምና ኮሌጅ ፓርክ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የሄንሰን ሐውልት። ሙዚየሙን አስቀድሚ። ሐውልቱ ደጅ ነው፣ በር የሚዘጋበት የለም፤ ሙዚየሙ ግን ከ10 ሰዓት እስከ 5፡30 ነው (በፈረንጅ ሰዓት)፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሰው ይበዛበታል። መግቢያው ነጻ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን መስመር ያዙ፣ ሻዲ ግሮቭ የሚለውን። ዘጠነኛው ጣቢያ ሜትሮ ሴንተር ነው። እዚያ ወርዳችሁ ወደ ታች በመሄድ ወደ ላንፋንት ፕላዛ አቅጣጫ የሚሄደውን ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ወይም ሲልቨር ያዙ፤ የመጣው ሁሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ጣቢያ ፌዴራል ትሪያንግል ነው፣ እዚያ ውረዱ። ስሙ አያታልልሽ፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው ጣቢያ ቀጣዩ ነው፣ ወደ ሣሩ ሜዳ የሚያወጣው በር ግን ኤስካሌተር ብቻ ነው፣ ለጉልበትሽ አይሆንም። ፌዴራል ትሪያንግል ሊፍት አለው።

የባቡሩን ካርድ ስትገቢም ስትወጪም ማስነካት አለብሽ። ስትወጪ ከረሳሽ በሚቀጥለው ጊዜ በሩ አይከፈትልሽም፣ ሠራተኛው ጋ ሄደሽ ማስተካከል ይኖርብሻል። 65 ዓመት ያለፈው ሰው በግማሽ ዋጋ የሚሄድበት የአረጋውያን ካርድ ስላለሽ እሱን ተጠቀሚ፤ የባንክ ካርድ ብታስነኪ ባቡሩ ይወስድሻል፣ ቅናሹ ግን ይቀራል። አምስት ዓመት ያልሞላው ትንሹ በነጻ ነው፣ ትልቁ የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል። ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት ትልቁ የየትኛው ጣቢያ ሊፍት እንደተበላሸ በስልኩ ይይልሽ። ሊፍት ባልሠራ ቀን ነው ሰው የሚጉላላው።

ወደ ሙዚየሙ በኮንስቲቲውሽን ጎዳና በኩል ግቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ፦ እኛ ምድር ቤት የምንለውን እነሱ አንደኛ ፎቅ ይሉታል። በዚያ በር ስትገቢ አንደኛ ላይ ነሽ፤ ከኋላ፣ በሣሩ ሜዳ በኩል ያለው በር ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚከፍተው። ስትወጡ በተሳሳተው በር ብትወጡ ጣቢያው ከሕንጻው ጀርባ ይሆንባችኋልና በገባችሁበት ውጡ። በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል፤ ብርቱካን መላጫ ቢላዋሽን ቤት ተይው። የመዝናኛው ኤግዚቢሽን ሦስተኛ ፎቅ ምዕራብ ክንፍ ነው። በመስታወቱ ውስጥ የሚቆሙት አሻንጉሊቶች ስለሚቀያየሩ ልጆቹን በከንቱ እንዳታጓጓቸው፣ ዓርብ ዕለት የትኞቹ ወጥተው እንዳሉ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ይታይ። የሚቀያየሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኞቹ ውስጣቸው ስፖንጅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ በብርሃንና በአየር ይደርቃል፣ እንደ ቆየ ዳቦ ይፈረፈራል። መብራቱንም ደብዘዝ የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ መነጽርሽን አትርሺ።

የሄንሰን ባለቤትና የሥራ ጓደኛ ጄን ሄንሰን የመጀመሪያውን ከርሚት ከእነ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሙዚየሙ ሰጠች፤ በ2013 ቤተሰቡ ከሃያ በላይ ጨመረ፣ ሚስ ፒጊና ኤልሞም አሉበት። የመጀመሪያውን ከርሚት ካገኛችሁ ልጆቹ «ይሄ እሱ አይደለም» ማለታቸው አይቀርም። እውነት አላቸው። አንገቱ ላይ ያ የሾለ ኮሌታ የለም፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ያኔ እንቁራሪት ነው ተብሎም አልተሠራም፤ እንቁራሪት የሆነው በኋላ ነው። አንቺ ግን ጨርቁን እዪልኝ። የሄንሰን እናት የጣለችው አሮጌ የጸደይ ካፖርት ነው፣ ዓይኖቹ ደግሞ ለሁለት የተከፈለች የፒንግ ፖንግ ኳስ።

ልጆቹን ለማዘጋጀት አንድ አንድ ካልሲ ይዘሽ ውጪና ባቡር ላይ አለማምጃቸው። አራቱ ጣቶች ላይኛው መንጋጋ፣ አውራ ጣት ታችኛው ውስጥ ይገባሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አፍ ለመክፈት አራቱን ጣት ወደ ላይ ያነሳል፣ የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ይወድቅና የሚያዛጋ ይመስላል። መውረድ ያለበት አውራ ጣት ነው፤ እኛም ስናወራ የሚወርደው አገጫችን ነው። ሁለተኛው ስህተት ድምፁ ሲወጣ አፍ መዝጋት ነው። እን-ቁ-ራ-ሪት ሲል አራት ጊዜ ይከፈት፣ በየመሀሉ ይዘጋ። ይህን ከያዙ መስታወቱ ጋ ሲደርሱ የሚያዩትን ያውቃሉ። ቀጭን ዘንግ እጁ ላይ ካለ፣ ልክ እንደ ከርሚት፣ አንድ ሰው ብቻውን ያጫውተዋል። እጁ እንደ ጓንት ሰፊ ከሆነ፣ እንደ ኧርኒ፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሰው የአሻንጉሊቱን ቀኝ እጅ ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ዋናው አጫዋች ብዙውን ጊዜ ቀኝ እጁን ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚከት ለአሻንጉሊቱ እጅ የሚተርፈው ግራው ነው፣ ስለዚህ አብዛኞቹ መፔቶች ግራኝ ናቸው። ትልቁ ራሱ ግራኝ ስለሆነ ይህን ስትነግሪው ደስ ይለዋል።

ምሳ ቋጥሪ፤ ውጭ ሣሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አለ። ከዚያ ከፌዴራል ትሪያንግል ሁለት ጣቢያ ሄዳችሁ ላንፋንት ፕላዛ ውረዱ፣ አረንጓዴው መስመር ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። እዚያ መሳፈሪያው በሐዲዱ ግራና ቀኝ ተለያይቷል፤ ግሪንቤልት የሚለው ጽሑፍ ባለበት በኩል ቁሙ፣ በሌላው በኩል ከቆማችሁ ብራንች አቬኑ ነው የምትደርሱት። ኮሌጅ ፓርክ ከግሪንቤልት በፊት ያለችው ጣቢያ ነች። ከጣቢያው እስከ ሐውልቱ ከአንድ ማይል በላይ ስለሆነ በእግር አትሞክሪው፣ ትልቁ ታክሲ ይጥራና «ስታምፕ የተማሪዎች ሕንጻ» ይበል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ በሜዳቸው ካለ ግን መንገዱ ይዘጋጋል፤ ያን ጊዜ ሐውልቱን ለእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተዉት።

ሐውልቱ ከስታምፕ ሕንጻ ፊት ለፊት ነው፤ ከነሐስ የተሠራው ሄንሰን በቀይ ግራናይት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከከርሚት ጋር ይጫወታል። የቆመው እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2003 ነው፣ በሄንሰን ልደት ቀን፤ ቀራጺው ጄይ ሆል ካርፔንተር ነው። አንቺም አግዳሚው ላይ ዐረፍ በይ፣ ፎቶ የሚነሳው እንዲያ ነው። ፀሐይ ከመታው ነሐሱም ግራናይቱም ያቃጥላል፣ ትንሹ አጭር ሱሪ ከለበሰ ጋቢሽን ከሥሩ አድርጊለት። እዚያ ግቢ ነሐስ ኤሊም አለ፣ አፍንጫውን ተማሪ ሁሉ ለዕድል እያሻሸ አብለጭልጮታል። ልጆቹ ማሻሸታቸው አይቀርም፤ እጃቸውን አስታጥቢያቸው።

ስትመለሱ ብራንች አቬኑ በሚለው አረንጓዴ ሦስተኛው ጣቢያ ፎርት ቶተን ነው። ወደ ላይ ወጥታችሁ ግሌንሞንት የሚለውን ቀይ ያዙ፣ ሁለተኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

እንግዲህ አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ። ከርሚት ወጥቶ ከተገኘ በአፉ ዙሪያና በአንገቱ በኩል ያለውን መገጣጠሚያ ቀረብ ብለሽ እዪውና ማታ ደውይልኝ፦ በእጅ ነው ወይስ በመኪና?

ልጅሽ