የንባብ ክበብ ዓመታዊ ዘገባ፦ ከኤድጋር አለን ፖ ጋር የከረምንበት ዓመት

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን የሰጠው ለአንድ ደራሲ ነው። ነገሩን የጀመረችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ የአሜሪካዊውን የኤድጋር አለን ፖን አጫጭር ልብ ወለዶች ካነበበች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ አባላት «እስቲ እኛም እንየው» ብለው ተስማሙ። ግድያና ከነሕይወት መቀበር የሚበዛበት ጽሑፍ ለዚህ ዕድሜ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ ከወላጆችም ከባልደረቦቼም ቀርቦልኛል። ተማሪው ተደብቆ ብቻውን ከሚያነበው ከጓደኞቹ ጋር ቢወያይበት ይሻላል ብያለሁ፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመው «ምስጢር አውጪው ልብ» ነው። ተራኪው አብሮት ያለውን ሽማግሌ የሚገድለው ለገንዘብ ወይም በቂም ሳይሆን፣ የአሞራ ዓይን የሚመስለውን አንድ ዓይኑን ማየት ስላቃተው ነው። ሰባት ሌሊት ሙሉ እኩለ ሌሊት ላይ በሩን ቀስ ብሎ እየከፈተ፣ ጭንቅላቱን ለማስገባት ብቻ አንድ ሰዓት እየፈጀ፣ ከፋኖሱ አንዲት ቀጭን ጨረር በተከደነው ዓይን ላይ ያሳርፋል፤ ይህን ሁሉ በዝርዝር የሚነግረንም ጤነኛ መሆኑን ሊያስረዳን ነው። ደም ፍለጋ የመጡት አባላት፣ የደም ነጠብጣብ እንኳ አለመቅረቱን በኩራት የሚናገር ገዳይ ሲገጥማቸው ከደሙ ይልቅ እርጋታው አስፈራቸው። በመጨረሻ ከወለሉ ሥር የሚሰማው የልብ ምት የማን ነው በሚለው ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፦ ግማሹ የሟቹ ነው ሲል፣ ግማሹ የራሱ የገዳዩ ነው አለ። ክርክሩ ሲጦፍ ብዙም የማይናገር አንድ ተማሪ፣ ተራኪው ገና ሲጀምር የሰማዩንም የሲኦሉንም ድምፅ እሰማለሁ ያለበትን ቦታ አንብቦ «መጀመሪያስ ለምን አመንነው?» ሲል ጠየቀ። ስለማይታመን ተራኪ ክፍል ውስጥ ካስተማርኩት ሁሉ ይህች ጥያቄ በለጠች።

እ.ኤ.አ. በ1846 በወጣው «የአሞንቲላዶ በርሜል» ደግሞ ተራኪው ወዳጁን ከነሕይወቱ በግንብ ከዘጋበት ከሃምሳ ዓመት በኋላ ይናገራል፤ ተበደልኩ ይላል እንጂ በደሉ ምን እንደነበር አይገልጽም። «የአሸር ቤት ውድቀት» ግን ድባቡ ስለከበደ ብዙዎች ጀምረው ተዉት፤ አልፈርድባቸውም።

አንዳንዶቹ ጨለማውን ሁሉ ከደራሲው ሕይወት ለማውጣት ሞከሩ። እናቱን ሦስት ዓመት ሳይሞላው አጥቷል፤ ሚስቱ በ1847 በሳንባ ነቀርሳ ሞታለች፤ እሱም በ1849 በአርባ ዓመቱ፣ ምክንያቱ በትክክል ሳይታወቅ ባልቲሞር ውስጥ አርፏል። እኔ ግን «ቁራው» የተባለውን ግጥሙን እንዴት እንደጻፈ የሚያስረዳበትን የ1846 መጣጥፉን አቀረብኩላቸው። እዚያ ላይ ጸሐፊ አስቀድሞ አንባቢው ላይ ሊያሳድር የሚፈልገውን ስሜት መወሰን እንዳለበት፣ ሥራውም በአንድ መቀመጫ የሚነበብ እንዲሆን ይመክራል። ሁሉን ነገር በስሌት ሠራሁት ማለቱን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ምክሩ ግን ለተማሪዎቹ የራሳቸው ድርሰቶች ጠቅሟል። የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች በሬሳ የተሞሉ ነበሩ። ከመጨረሻዎቹ የወደድኩት አንድም ሰው የማይሞትበትን፣ የተቆለፈ በር ደጋግማ የምትፈትሽ ሴት ብቻ ያለችበትን ነው።

ለመጪው ዓመት አባላቱ ድምፅ ሰጥተው፣ ይኸው ደራሲ በ1841 መርማሪውን ዱፒንን ካስተዋወቀበት ታሪክ ተነሥተን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን እንድናነብ ወስነዋል። ፖን ወደ ክበቡ ያመጣችው ተማሪ ግን፣ መፍትሔ ያለው ታሪክ አያስፈራም ብላ ተቃውማለች፤ ተቃውሞዋም በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።