ለባንዳችን አባላት፦ ስለ ኪቦርዱ ግዢ

ሰላም ለሁላችሁ። ያማሃ ሲፒ88ን እንግዛ ወይስ ይቅር የሚለውን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ደብረ ማርቆስ መለማመጃ ክፍላችን ተገናኝተን እንወስን።

አዲስ አበባ ሄጄ ሞክሬዋለሁ። 88ቱም ቁልፎች እንደ ፒያኖ መዶሻ አላቸው። ወደ ቤዙ ይከብዳሉ፣ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይቀላሉ። በትዝታ ቅኝት ቀስ ብዬ ስጫወት ጣቴ ያሰበውን ሁሉ አወጣልኝ። ለስለስ ስል ይለሰልሳል፣ ጫን ስል ይጮኻል። አሁን ባለን ኪቦርድ ይህን አግኝቼው አላውቅም።

ችግሩ ክብደቱ ነው። ያለ ማቀፊያው 18.6 ኪሎ ይመዝናል። ወደ ፍኖተ ሰላምና ቢቸና ለሰርግ ስንሄድ ሚኒባስ ላይ የምንጭነው እኛው ነን፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ አለ። የራሱ ድምፅ ማጉያ የለውም፤ ከውጭ ድምፅ ማጉያ ጋር ካልተገናኘ ለታዳሚ አይሰማም። አብሮ የሚሄድ ሪትምም የለውም። ስለዚህ ድራመራችን በቀረ ቀን እንቸገራለን። ፈጣን የእስክስታ ዜማ ላይም ክንድ ያደክማል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተሰምቶኛል።

ታናሹ ሲፒ73 13.1 ኪሎ ነው፤ 73 ቁልፍ አለው። ለምንጫወተው ሙዚቃ የሚበቃ ይመስለኛል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

ገንዘብ ያዣችን የመዋጮውን ደብተር ይዘሽ ነይ። የድሮውን ኪቦርድ መቆሚያም አምጡ፤ ክብደቱን መቻሉን እናያለን። የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ። የማይመቸው ሰው ምርጫውን ይጻፍልን፤ ድምፁ ይቆጠራል።