ባሕሩ የሚሸሽበትንም ሰዓት ጻፉልን

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁም ሆነ ሌሎች የሚያወጧቸው የጉዞ ጽሑፎች በየቦታው ምን እንደሚታይ ብዙ ይነግሩናል፤ በስንት ሰዓት እንደሚታይ ግን አይነግሩንም። ከጅማ ተነስቶ ለትምህርት ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የገባ ወጣት ቅዳሜን በአንዲት ትንሽ የባሕር ጠረፍ ከተማ በእግሩ ሲዞር ሊውል ቢያስብ፣ «ውብ የአሸዋ ዳርቻ አላት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምንም አይረዳውም። ዳርቻው ጠዋት ኖሮ ከሰዓት በኋላ ላይኖር ይችላልና። ነገሩን በኖርዝ በርዊክ እናሳያለን፤ ከኤድንብራ ደርሶ ለመመለስ ከሚቀሉት ከተሞች አንዷ ናት። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባቡሩ ከዌቨርሊ ጣቢያ ተነስቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ከተማዋ የመስመሩ መጨረሻ ስለሆነች ሳያውቁ ማለፍ የለም። ስህተት የሚመጣው ሲሳፈሩ ነው። ከዚያው ጣቢያ በርዊክ አፖን ትዊድ ወደምትባል ሌላ ከተማ የሚሄዱ ባቡሮች አሉ፤ እሷ ደግሞ ድንበሩን ተሻግራ እንግሊዝ ውስጥ ናት። ሰሌዳው ላይ «ኖርዝ» የሚለውን ቃል ሳያዩ መግባት አይገባም። የጣቢያው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር 15:00 ማለት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቀኑም ርዝመት እንደ ጅማ አይደለም። ቦታው 56ኛው ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ይጨልማል። በታኅሣሥ የሚሄድ ሰው ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው ግማሹን ብቻ ያቅድ።

ዋናው ነገር ባሕሩ ነው። የከተማችን ወንዝ አዌቱ የሚሞላው ዝናብ ሲጥል ነው። ባሕር ግን ዘነበም አልዘነበም፣ በጨረቃና በፀሐይ ስበት በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ይህ በሳምንት ውስጥ ተጠራቅሞ ወደ ስድስት ሰዓት ይደርሳል። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ደረቅ አሸዋ የነበረው ቦታ በዚህ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ውሃ ነው። «እኔ ስሄድ ደረቅ ነበር» የሚል የጓደኛ ምክር ዋጋ የሌለው ለዚህ ነው።

ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን፣ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በዚያ ጠረፍ 5 ሜትር ይጠጋል። በግማሽ ጨረቃ ጊዜ ወደ ግማሹ ይወርዳል። ውሃው ሲመለስም ፍጥነቱ እኩል አይደለም። ጠቅላላውን ጭማሪ ለ12 ብንከፍለው በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ ከዚያ ሁለትና አንድ እያለ ይጨምራል። ልዩነቱ 5 ሜትር ቢሆን በመካከለኞቹ ሁለት ሰዓታት ብቻ ሁለት ሜትር ተኩል ይነሳል ማለት ነው። ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ውሃው ቀስ እያለ ሲመጣ አይቶ እንዲሁ የሚቀጥል ይመስለዋል። ከፊቱ ያለውን ብቻ ሲያይም ውሃው ከኋላው ባለው ዝቅተኛ አሸዋ ዞሮ የቆመበትን ዓለት ደሴት ያደርግበታል።

ስለዚህ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ፣ የፊድራን ደሴትና የመብራት ማማዋን እያዩ ወደ የሎክሬግ የሚወስደውን መንገድ በአሸዋው ላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሽሽቱ መጨረሻ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ይነሳ። ከሽሽቱ መጨረሻ በኋላ አንድ ሰዓት ሳያልፍም ከዓለቶቹ ይውጣ። የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ይገኛል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለበት። አንዳንዱ ሰንጠረዥ የተጻፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ከመጋቢት መጨረሻ እሑድ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እሑድ (በእነሱ ወር ማለታችን ነው) የአገሬው ሰዓት በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ እንዲህ ባለው ሰንጠረዥ ላይ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። መደመሩን የረሳ ሰው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጉዳት የለውም። አደገኛው ቀድሞ በተስተካከለ ሰንጠረዥ ላይ በድጋሚ መደመር ነው፤ ባሕሩ መመለስ ከጀመረ በኋላ ገና እየሸሸ ነው ብሎ ያምናል። ከላይ «ግሪንዊች» (GMT) ወይም «የበጋ ሰዓት» (BST) የሚለውን ምልክት ማንበብ ግዴታ ነው። ውሃ ከከበበ በስልክ 999 ደውሎ የባሕር ጠረፍ ጥበቃን መጠየቅ ነው እንጂ ዋኝቶ ማለፍን መሞከር አይገባም። ያ ባሕር በሞቃቱ ወራትም ቢሆን ከ15 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ቅዝቃዜው ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንፋሽ ይነጥቃል።

ባሕሩ ሲሸሽ በዓለቶቹ መካከል ኩሬዎች ይቀራሉ፤ ሸርጣንና ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳት ይታዩባቸዋል። ድንጋይ ያነሳ ሰው እንደነበረ ይመልሰው፤ ከሥሩ ያለው ፍጥረት ፀሐይ ካገኘው ይሞታል። አረንጓዴው የባሕር አረም ያለበት ዓለት ያንሸራትታል፤ እግር የሚጣለው ሻካራው ደረቅ ዓለት ላይ ነው። ከአሸዋው በላይ ያለው ሣር ግጦሽ ሳይሆን የጎልፍ ሜዳ ነው፤ ክለቡ የተመሠረተው በ1832 ነው። በስኮትላንድ የ2003ቱ የመሬት ሕግ ማንም ሰው ኃላፊነት እስከተሰማው ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግሩ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። በጎልፍ ሜዳም መሻገር ይቻላል፤ ተጫዋች ሊመታ ሲዘጋጅ ግን ቆሞ መጠበቅ፣ ኳስ እየመጣ ነው ለማለት «ፎር!» የሚል ጩኸት ሲሰማም ራስን በክንድ ሸፍኖ ማጎንበስ ያስፈልጋል።

ሽሽቱ ጠዋት ከሆነ ዳርቻውን አስቀድሞ ኮረብታውን ለከሰዓት በኋላ መተው ነው፤ ሽሽቱ ከሰዓት ከሆነ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ። ኮረብታው በርዊክ ሎው ይባላል፤ ከከተማዋ በስተ ደቡብ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ጉሮሮ የቀረ ጠንካራ ዓለት ነው። ከፍታው 187 ሜትር ነው። ከ1,700 ሜትር በላይ ለኖረ የጅማ ሰው ትንፋሽ የሚያሳጣ አይደለም፤ ከሥሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። የሚያስቸግረው ጫፉ ላይ ያለው ነፋስ ነው። ከ1709 ጀምሮ ጫፉ ላይ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ ቅስት ሆኖ ይቆም ነበር፤ አጥንቱ በስብሶ ስለተነሳ በ2008 በፋይበርግላስ የተሠራ ምትክ ቆሞለታል።

ከጣቢያው ወደ ወደቡ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ወደቡ ሁለቱን ዳርቻዎች ለያይቶ ወደ ባሕር ገብቷል። አጠገቡ የቅዱስ እንድርያስ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። በ1590 ንጉሥ ጄምስ 6ኛ ሙሽራውን ይዞ ከዴንማርክ ሲመለስ የገጠመውን ማዕበል «ጠንቋዮች አስነሱት» ተብሎ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ የተባሉ ሰዎች በሥቃይ እየተመረመሩ ተገድለዋል። ይህን ሳያነቡ በፍርስራሹ አጠገብ ማለፍ ያሳዝናል።

ከባሕሩ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ዓለት ባስ ሮክ ነው፤ ቁመቱ 107 ሜትር ነው። ንጣቱ የወፎቹና የኩሳቸው ነው። ጋኔት የሚባለው የባሕር ወፍ ክንፉ ሲዘረጋ 1.8 ሜትር ይደርሳል፤ በዚህ ዓለት ላይ ቁጥሩ ከ150,000 በላይ ደርሶ ነበር። በ2022 የወፍ ጉንፋን ብዙዎቹን ፈጅቷል። ወፎቹ በአገሩ የቅዝቃዜ ወቅት መጨረሻ፣ በየካቲት ገደማ መጥተው በጥቅምት ስለሚሄዱ በኅዳር የሚሄድ ሰው ባዶ ዓለት ነው የሚያየው። ጀልባዎች በሞቃቱ ወራት ይወስዳሉ፤ ነፋስ ከበረታ ግን ይሰረዛሉ። ስለዚህ የቀኑን ዕቅድ ሁሉ በጀልባው ላይ ብቻ መመሥረት አይገባም። በ2000 የተከፈተው የባሕር ወፎች ማዕከል እዚያው ወደቡ ላይ ነው፤ ከዓለቱ በካሜራ የሚላከው ምስል ይታይበታል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር መናገር አለብን፤ ማንም አይጽፈውምና። ዓሣና የድንች ጥብስ የአገሩ የወደብ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በስኮትላንድ ብዙ ቤቶች የሚጠብሱት በዘይት ሳይሆን በከብት ሞራ ነው። የጾመ ክርስቲያንም ሐላል የሚጠብቅ ሙስሊምም ድንች ብቻ ነው ብሎ ከመግዛቱ በፊት በምን እንደተጠበሰ ይጠይቅ፤ ጥያቄው እዚያ ነውር አይደለም። የተገዛውን ምግብ ግድግዳን ከጀርባ አድርጎ መብላት ይሻላል፤ የባሕር ወፎቹ ከኋላ መጥተው ከእጅ ይነጥቃሉ።

ዝናቡ ከጅማ ዝናብ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ግን ከነፋስ ጋር ወደ ጎን ስለሚመጣ ጃንጥላ ይገለብጣል። ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይያዝ። ቅዝቃዜው አልፎ ሞቃቱ ወራት ሲጀምር ደግሞ ሃር የሚሉት የባሕር ጉም አለ። ሞቃት እርጥብ አየር በቀዝቃዛው የሰሜን ባሕር ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆንና የምሥራቅ ነፋስ ወደ ጠረፉ ይገፋዋል። ወደ ውስጥ ራቅ ያለው መሬት ፀሐይ እየሞቀ ጠረፉ ላይ አምስት እርምጃ ወደፊት አይታይም። የምሥራቅ ነፋስ በተተነበየ ቀን ጉዞውን ማዛወር ነው።

ይህን ያህል የዘረዘርነው ስለ ራሳችን ከተማም እንዲሁ እንዲጻፍ ስለምንፈልግ ነው። ጅማ የሚመጣ እንግዳ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ እንዳለ ያነባል። ዳገቱ በእግር ስንት እንደሚፈጅ፣ ክረምት ላይ የቱ መንገድ እንደሚጨቀይ፣ በባጃጅ የወጣ ሰው መመለሻ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያገኝ አያነብም። ከከተማችን አጠገብ ባለው በቦዬ ሐይቅ ጉማሬ እንዳለ ይነገረዋል፤ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውሃ ስለሚወጣ በእንስሳውና በውሃው መካከል መቆም ለሞት እንደሚያበቃ አይነገረውም። ትልቁ ገበያ ሐሙስ መሆኑን ሳያውቅ ረቡዕ መጥቶ ረቡዕ ይመለሳል። ከእያንዳንዱ የጉዞ ጽሑፍ ሥር ሦስት መስመር ብትጨምሩ ይበቃል፦ መነሻ ሰዓት፣ በእግር የሚፈጀው ጊዜ፣ መመለሻ የሚጠፋበት ሰዓት። የጅማን ሦስት መስመሮች እናንተ ካዘዛችሁ እኛ አዘጋጅተን እንልካለን።

የጋዜጣችሁ አንባቢዎች
ከጅማ